የመቶ አሥራ ሁለት መያዣ

ወሰኑ መጽሐፍ አከራዩ የተገደለው ከተማው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነው። ጅቡቲን የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሌሊት ይመስለዋል። ቀን ነው። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ፣ ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲገባ፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል፤ የሚቅመው ይቅማል፣ የማይቅመው ይተኛል። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈራችን መንገዶች ላይ ከፍየል በቀር የሚንቀሳቀስ አይገኝም። ለገዳይ ከዚህ የተመቸ ሰዓት የለም። ለመርማሪ ደግሞ ከዚህ የከፋ የለም፤ የጠየቅነው ሁሉ «ተኝቼ ነበር» ይለናል፣ አብዛኛውም እውነቱን ነው።

እኔ ግን አልተኛሁም ነበር። ጋደም ብዬ የባለቤቴን ጀርባ አያለሁ። ጸደንያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መጽሐፍ ታነባለች። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ለብቻዋ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት ብጠይቃት «ብነግርህም አያስቅህም» አለችና ገጹን ገለጠች።

ሰው በመጽሐፍ ይቀናል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ እኔ እቀናለሁ። በሳምንት ሁለት መጽሐፍ ከወሰኑ እየተከራየች ታመጣለች። ከእኔ ጋር ግን በሳምንት ሁለቴ እንኳ በወጉ አውርተን አናውቅም። አያቴ ከድሬዳዋ በባቡር ሥራ የመጡ ሰው ናቸው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ በፈረንሳይኛ ተማርኩ፣ አማርኛ የማነበው ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት በለቀምኳት ፊደል ነው፣ አንድ ገጽ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል። እሷ ከድሬዳዋ ስትመጣ መምህርት ነበረች። ያነበበችውን አትረሳም። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ያን ሰኞ ስልኬ ሲጮህ በምን ዓይነት ልብ ከአልጋዬ እንደተነሳሁ እንድታውቁልኝ ነው።

የደወለው ሳጅን አቡዘር ነው። ወሰኑ ሞቷል፣ ቶሎ ና፣ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር።

*

የወሰኑ ሱቅ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ከወለል እስከ ጣራ አራት መቶ የሚሆን መጽሐፍ ተደርድሯል፤ ሁሉም በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተለብዶ ጀርባው ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። በዚህ ከተማ የአማርኛ መጽሐፍ የሚገባው በከባድ መኪና ሾፌሮች ጋቢና ውስጥ ነው፣ አንድ አንድ እየሆነ። ስለዚህ የሚገዛ የለም፤ ሁሉም ይከራያል። የሀራሙስ ቪላዎች ሠራተኞች፣ ሾፌሮች፣ ወደ የመን ለመሻገር ጀልባ የሚጠብቁ ልጆች፣ የድሮ የባቡር ቤተሰቦች፣ ሁሉም ሦስት ቀን አንብቦ ይመልሳል።

ሽማግሌው ከጠረጴዛው ሥር ወድቋል። አንዲት ወጣት ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ቀሚሷ በደም ርሷል። ሲፈን ትባላለች። አላለቀሰችም፤ አቡዘር ተነሺ ቢላት አልሰማ አለች። የተመታበት ነገር አጠገቡ ነበር፣ የድሮው ባቡር ሐዲድ ቁራጭ፣ አንድ ክንድ የሚሆን። ወሰኑ መጽሐፍ ሲለጥፍ የሚጭንበት ነው። ጠረጴዛው ላይ በዱቄት የተሠራ ሙጫ፣ ሁለት እስክሪብቶና በእርሳስ የተሰመረ ባዶ ወረቀት ተቀምጧል።

ግድግዳው ላይ ክዳን የሌለው ሳጥን አለ። ውስጡ ምስማሮች ተመትተው የማይገናኝ ዕቃ ሁሉ በክር ተንጠልጥሎበታል፣ የእጅ ሰዓት፣ ቀበቶ፣ የአንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ቁልፍ፣ አምባር። እያንዳንዱ ክር ላይ ቁጥር ያለበት ካርቶን ታስሯል። ሽማግሌው በድብቅ አራጣ ያበድራል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ዓይኔ የማውቀው ነገር ላይ ዐረፈ። ሰማንያ ሰባት ቁጥር ላይ የተንጠለጠለው የብር መስቀል የጸደንያ ነው። በተጋባን ዓመት ከቁልቢ ያመጣሁላት፣ ከአንገቷ አይጠፋም ብዬ የማምነው።

አቡዘር ጀርባውን ሲሰጠኝ ክሩን በጥሼ መስቀሉን ኪሴ ከተትኩት። አጠገቡ ሌላ የተበጠሰ ክር ነበር፤ ካርቶኑ መቶ አሥራ ሁለት ይላል፣ ዕቃ የለበትም። አየሁት፣ አለፍኩት።

ከዚያ ጎንበስ ስል ከጠረጴዛው ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የወሰኑን የእጅ ጽሕፈት አውቀዋለሁ፤ ጸደንያ በምታመጣቸው መጻሕፍት ላይ የመመለሻ ቀን የሚጽፈው እሱ ነው። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

«ውዴ፣ ባልሽ ከቤት ሲወጣ መስኮቱን ክፈቺው። ከማዶ ሆኜ አየዋለሁ። ከመጣሽ አብረን እንሄዳለን። ካልመጣሽም አልቀየምሽም፤ እዚያው ቆሜ አለሁ። ስንት ዓመት አጠገብሽ ሆኜ ሳልነግርሽ ቀረሁ፤ ዛሬ በወረቀት ነገርኩሽ። የሚጠብቅሽ ሰው እንዳለ ብቻ እወቂ።»

ስም የለውም። ጥግ ላይ 214 የሚል ቁጥር ብቻ አለ። ባል የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ሲያነብ ራሱን ያገኛል፤ እኔም አገኘሁ። በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስ ሥራዬ ከወንጀል ቦታ ማስረጃ አንስቼ አላውቅም። ያን ቀን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለት አነሳሁ።

*

አለቃዬ ኮሚሴሩ ነገሩን በአንድ ሰዓት ጨረሰው። ልጅቷ ወረቀት የላትም። ደም ልብሷ ላይ ነው። ሐዲዱ ላይ አሻራዋ አለ፣ ሌላው አሻራ ተደባልቆ አይለይም። ከአንድ ቀን በፊት ከሽማግሌው ጋር ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ሐሙስ ጠዋት ወደ ጋቦዴ እስር ቤት ትዛወራለች፣ እስከዚያ ሌላ ነገር ካለህ አምጣ፣ አለኝ። ጋቦዴ የገባ ወረቀት የለሽ ስደተኛ መቼ እንደሚወጣ እኔም እሱም እናውቃለን።

ሲፈንን ራሴ ጠየቅኳት። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ከጭሮ አካባቢ የመጣች። ወደ የመን ልትሻገር መጥታ፣ ወሰኑ ጎረቤቱ አበሩ ቤት አስጠግቷት ሰባት ወር መጽሐፍ ስትለብድ ቆይታለች። ጭቅጭቁ ምን ነበር አልኳት።

«ደላላው ጀልባ አለ ብሎኝ ነበር። ጋሽ ወሰኑ ባሕሩ ይበላሻል፣ አትሄጂም ብሎ ጮኸብኝ።»

«ዛሬ በእረፍት ሰዓት የት ነበርሽ?»

«እትዬ አበሩ ጋ ተኝቼ። ነቅቼ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት።»

አበሩን ጠይቀናታል። ልጅቷ አጠገቧ ነበረች፤ ግን አበሩ ራሷ ተኝታ ነበርና አትምልላትም።

ከዚህ በኋላ እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ ባል መጠየቅ ጀመርኩ። ሽማግሌው ጋ ሴቶች ይመጡ ነበር ወይ አልኳት። የሚያነቡት ሴቶች ናቸው፣ የሚመጡትም እነሱ ናቸው አለችኝ። ብዙ የምትቆየውስ?

«ወይዘሮ ጸደንያ» አለች፤ የማን ሚስት መሆኗን አታውቅም። «እሷ ስትመጣ ጋሽ ወሰኑ ሥራውን ትቶ ወንበር ይሰጣታል። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። ሲጽፍ ደስ ይለዋል።»

ምን ይጽፋል ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልጠየቅኳትም፤ የማውቅ መሰለኝ። ስለ ሳጥኑም ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ኪሴ ውስጥ ያለው መስቀል አፌን ያዘው። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ ሌባ መርማሪ ደግሞ የሚያስፈልገውን ጥያቄ አይጠይቅም።

*

ማክሰኞ ጠዋት የሞኝ ሥራ ስሠራ አረፈድኩ። 214 የሆቴል ክፍል ቁጥር ነው ብዬ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ያሉትን ሆቴሎች በር ለበር ዞርኩ። ሁለቱ ጋ እንዲህ ያለ ክፍል የለም። ሦስተኛው ጋ አለ፤ አንድ ወር ሙሉ የያዘው አንድ የግሪክ መርከብ መሐንዲስ ነው፣ ከነባለቤቱ። ወሰኑን የሚያውቅ እንግዳ ተቀባይ አላገኘሁም። ላቤን እየጠረግሁ ስወጣ እንኳን በቁጥሩ አልተጠራጠርኩም፣ በሆቴሎቹ ተጠራጠርኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰው ተመለስኩ። ባለፈው ሳምንት ወሰኑ ላይ የዛተ ጎሳዬ የሚባል ሾፌር አለ ተባለ፤ መጽሐፍ ሳይመልስ ሌላ ልውሰድ ብሎ ተከልክሎ ነው። ሰኞ ቀን ግን ጋላፊ ድንበር ላይ ወረቀቱ ላይ ማህተም ተመትቶለታል፣ ሰዓቱም ተጽፏል። ሀራሙስ ያለች ሀና የምትባል ሠራተኛም ደንበኛው ናት፤ የቪላው ዘበኛ ሰኞ ከግቢ አልወጣችም አለኝ፣ እሷም ወሰኑ መሞቱን ከእኔ ስትሰማ መጥረጊያውን እንደያዘች መሬት ተቀመጠች። በእሷም ቀናሁ። ይህ ሽማግሌ ስንቱን ነው የሚያስለቅሰው አልኩ በልቤ።

የመጨረሻዎቹ እስር ቤቱ ባለበት በጋቦዴ ሰፈር የመኖሪያ ቤቶች ውስጥ ያሉት ዓለምነሽና ባሏ እንድሪያስ ናቸው። እሱ ወደብ ላይ የዕቃ አስለቃቂ ነው፣ አርባ አምስት የሚሆነው፣ ደንዳና ሰው። ሽርጥ ታጥቆ በሩን ከፈተልኝና ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበልኝ። ዓለምነሽ ከጥግ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። በሁለቱም ጆሮዋ አረንጓዴ ፍሬ ያላቸው የወርቅ ጉትቻዎች አድርጋለች፤ የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ ቀልቶ ትንሽ ደም ደርቆበታል። ጠረጴዛው ላይ በሲሚንቶ ወረቀት የተለበደ መጽሐፍ ተቀምጧል።

የጠየቅኳትን ሁሉ እሱ መለሰልኝ። ከወሰኑ መጽሐፍ ትከራያለች፣ ሌላ አታውቅም። እሱ ሰኞ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሲቅም ነበር፤ ስማቸውን ጽፎ ሰጠኝ።

«ይሄን መጽሐፍ አሁን ለማን ነው የምመልሰው?» አለች ዓለምነሽ በድንገት፣ እኔን እያየች። እጇ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ሄደ።

«ምን አስቸኮለሽ» አላት እንድሪያስ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወንድሜ፣ እርስዎም ባለትዳር ነዎት። መጽሐፍ ቤት ያፈርሳል። ሴት ያነበበችውን ስትፈልግ ያላትን ትንቃለች» አለኝ።

ከሰማሁት ሁሉ እውነት መስሎ የታየኝ ይሄ ብቻ ነበር። ስወጣ እጁን አጥብቄ ጨበጥኩት። ወደድኩት ማለት እችላለሁ። ሦስቱ ጓደኞቹም አብሮን ነበር አሉ፤ አንዱ ብቻ፣ እንድሪያስ በረዶ ሊገዛ ወጣ ብሎ ነበር፣ አሥር ደቂቃ ቢቆይ ነው አለኝ። በምርቃና የተቀመጠ ሰው ደቂቃ ሲቆጥርልኝ ዝም ብዬ ጻፍኩ።

*

ረቡዕ ምሳ ላይ ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ለሁለት ሌሊት አጠገቧ ተኝቼ ወረቀቱን በቃሌ ስወጣው ነበር ያደርኩት። ሳህኑን ገፋ አድርጌ ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋሁት።

ጸደንያ አነበበችው። ከዚያ ሳቀች።

ጠረጴዛው ላይ የውሃ ጠርሙስ ነበር። እጄ አንገቱን ሲጨብጠው አየሁት። እጄን አየሁት ነው የምላችሁ፤ እኔ ያዘዝኩት አይመስልም ነበር።

«ይሄን የት አገኘኸው?» አለች። «እኔ ነኝኮ ያጻፍኩት።»

«አንቺ ነሽ» አልኩ።

«የመቶ አሥራ ሁለት የመጨረሻ ገጽ ነው። ወሰኑ መጽሐፉን ሲያገኘው መጨረሻው ተገንጥሏል፣ ሽፋኑም የለም፤ ደንበኞቹ በቁጥሩ ነው የሚጠሩት። እኔ ድሬዳዋ ሳለሁ ሙሉውን አንብቤው ነበር፣ በቃሌ ነገርኩት፣ እሱ ጻፈው። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት።»

ተነስታ የምታነበውን መጽሐፍ አመጣችና መሐሉን ገለጠችው። በእርሳስ የተሰመረ ወረቀት ላይ፣ በዚያው የወሰኑ ጽሕፈት፣ አራት ገጽ ተለጥፏል። የኪራይ መጽሐፍ በመቶ እጅ ያልፋል አለችኝ፤ ገጹ ይጎድላል፣ ወሰኑም ከአንባቢ እየጠየቀ፣ ከሌላ ቅጂ እየገለበጠ ይሞላዋል። ግማሹ ሱቅ የእሱ ጽሕፈት ነው። ይህን በከተማው የሚያነብ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማናውቀው የማናነበው ብቻ ነን።

ጠርሙሱን ለቀቅኩት። ከዚያ ኪሴ ገብቼ መስቀሉን አጠገቡ አስቀመጥኩት። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ያን ጊዜ ነው የጠፋው።

«ሰማንያ ሰባትን ሳልመልስ መያዣዬን ማን ሰጠህ?»

«መያዣ?»

«መጽሐፍ የሚወስድ ሰው ያለውን ያሲዛል። ወረቀት የሌለው ጫማውን፣ ሾፌሩ ቀበቶውን። መጽሐፉ ሳይመለስ ወሰኑ ለእናቱም አይሰጥም።» መስቀሉን አላነሳችውም። «ብር ብጠይቅህ ስለ መጽሐፍ ትሰብክብኛለህ። ስለዚህ ይሄን አስያዝኩ። ሦስት ወር ሙሉ አንገቴ ላይ ሲመጣና ሲሄድ አላየኸውም።»

እሷ ይህን ስትል ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ያ ሌላ ክር ነው። የተበጠሰው፣ መቶ አሥራ ሁለት ያለው። እኔ መስቀሉን ከመውሰዴ በፊት ሌላ ሰው ልክ እንደ እኔ ክር በጥሶ መያዣ ወስዷል። የመቶ አሥራ ሁለት ገጽ ደግሞ ከሬሳው አጠገብ ነበር። ሽማግሌው መያዣውን በፈቃዱ ቢመልስ ክሩን ይፈታዋል እንጂ አይበጥሰውም።

ተነስቼ ስወጣ ጸደንያ ከኋላዬ፣ «ሩፋኤል፣ ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ የታሰረችው ይሄ ወረቀት ኪስህ ስለነበረ ነው?» አለችኝ። መልሱን ታውቀዋለች።

*

ሲፈን በእስር ክፍሉ ጥግ ኩርምት ብላ አገኘኋት። መቶ አሥራ ሁለትን ማን እንደወሰደው ጠየቅኳት።

«ወይዘሮ ዓለምነሽ። ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ እሷ ጋ ነው።»

«ያስያዘችውስ?»

«አንድ የጆሮ ጌጥ። ወርቅ ነው፣ አረንጓዴ ፍሬ ያለው። ሁለቱንም ልስጥ ብትል ጋሽ ወሰኑ አንዱ ይበቃል አላት።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አልጠየቁኝማ» አለች።

*

ከአቡዘር ጋር እነ ዓለምነሽ ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ መንገዱ ጭር ብሏል። የከፈተችልን ዓለምነሽ ናት። መጽሐፉ ዛሬም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንስቼ የመጨረሻውን ገለጥኩት። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ላይ ያልቃል፤ ከእሱ ቀጥሎ የደረቀ የዱቄት ሙጫ መስመር ብቻ አለ፣ በሙቀቱ ተሰነጣጥቋል። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ጠርዙን ሙጫው ላይ ገጠምኩት። ልክክ አለ።

«ወይዘሮ ዓለምነሽ፣ መጽሐፉ እዚህ ነው፣ አልተመለሰም» አልኳት። «መያዣው ግን ጆሮሽ ላይ ነው።»

እንድሪያስ ከጓዳ ወጥቶ ደፉ ላይ ቆመ። እሷ ወደ እሱ አላየችም። ሁለቱንም ጉትቻዎች አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ጭኔ ላይ ወረወረልኝ» አለች። «አድርጊው አለኝ። ቀዳዳውን ስስት እሱ ራሱ ወጋልኝ። ከዚያ ወዲህ እንዳላወልቀው ይጠብቀኛል። ለእርስዎ መጽሐፉን ለማን ልመልስ ያልኩት እንዲገባዎ ብዬ ነበር።»

ገብቶኝ አልነበረም። ያን ቀን ጆሮዋን አይቻለሁ፣ ደሙን አይቻለሁ፤ ግን የራሴን ቤት ነበር የማየው።

እንድሪያስ አልሸሸም፣ አልካደም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወረቀቱን ያገኘው ቦርሳዋን ሲፈትሽ ነው፤ ከመጽሐፉ ወድቆ ቦርሳዋ ሥር ቀርቶ ነበር። በረዶ ልግዛ ብሎ ከጓደኞቹ ወጣና ወሰኑ ጋ ሄደ።

«ደብዳቤህን ውሰድ አልኩት። አየውና፣ ይሄማ የመጽሐፍ ገጽ ነው፣ በሙቀቱ ሙጫው ለቆ ነው አለኝ። ይህን የሚያህል ውሸት ሲዋሽ ገረመኝ። ቀና ስል ሳጥኑ ውስጥ ጉትቻዋን አየሁት። ለእጮኝነታችን የገዛሁላትን። ይሄስ ገጽ ነው ወይ አልኩት።» ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ጉትቻዎች አየ። «ሳቀብኝ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። አቡዘር ዞር ብሎ አየኝ።

እጁን ከማሰራችን በፊት መጽሐፉን አቀበልኩት። ሙጫውን በጣቱ ዳሰሰ። ወረቀቱን ገጠመው፣ አነሳው፣ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ሁለት መቶ አሥራ ሦስትን በዝግታ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ እሱም እንደ እኔ ነው የሚያነበው።

«ታዲያ ሴትየዋ መስኮቱን ከፈተችው?» አለኝ።

«መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል» አልኩት።

*

ሲፈን ሐሙስ ጠዋት ወጣች፣ ወደ ጋቦዴ ሳይሆን ወደ አበሩ ቤት። በዚያው ዕለት ለኮሚሴሩ ስለ መስቀሉም ስለ ወረቀቱም ምንም ሳላስቀር ነገርኩት። መታወቂያዬንና ሽጉጤን ተቀብሎ ለስድስት ወር ከሥራ አገደኝ። ሲያንሰኝ ነው።

ጸደንያ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ በቀለለኝ። ልብሷንና መስቀሉን በአንድ ሻንጣ አድርጋ ባልባላ ሰፈር እህቷ ጋ ልትሄድ ስትወጣ በር ላይ ቆም አለች።

«መጠርጠርህ አይደለም» አለችኝ። «ሁለት ሌሊት አጠገቤ ተኝተህ አንዲት ቃል አልጠየቅከኝም።»

ቅናት ያናገራል ሲሉ እሰማለሁ። እኔን ዲዳ ነው ያደረገኝ። ምናልባት ከመቅናቴም በፊት ዲዳ ነበርኩ።

ወር ያህል ቆይቼ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የድሮ ባቡር ቤተሰቦች ተመካክረው ሱቁን ለሲፈን ትተውላታል፤ ደላላው ሁለቴ መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ሳትቆጣ ነው የተቀበለችኝ፣ ግን ወንበር አልሰጠችኝም። መቶ አሥራ ሁለት ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ገጹ ፖሊስ መዝገብ ውስጥ ነው፤ መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ የሚከራይ ሰው የለም አለችኝ።

«ወይዘሮ ጸደንያን ላስቸግራት አስቤ ነበር» አለች። «እሷ በቃሏ ታውቀዋለች።»

«እኔም አውቀዋለሁ» አልኳት። «ወረቀቱን ስጪኝ።»

በቅናት የተነበበ ነገር አይረሳም። እርሳስና ማስመሪያ ሰጠችኝ፤ መስመሩን አስምሬ ጥግ ላይ 214 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ውዴ ብዬ ጀመርኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ለጸደንያ አንዲት መስመር ጽፌላት አላውቅም። ፊደሌ የልጅ ፊደል ነው፣ ወደ ታች ያዘነብላል። «ባልሽ ከቤት ሲወጣ» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ፤ ልዝለለው ወይ ብዬ አሰብኩ። አልዘለልኩትም። «ስንት ዓመት አጠገብሽ ሆኜ ሳልነግርሽ ቀረሁ» የሚለውን ስጽፍ ሲፈን ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ አቧራ ስትጠርግ ነበር፣ አቧራ ባይኖርም። ስጨርስ ሙጫ ቀብታ ለጠፈችውና ድንጋይ ጫነችበት፤ ሐዲዱም መዝገብ ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ሥራ የለኝም፣ መንገዴም አይደለም። ሳጥኑን ከበሩ ላይ ሆኜ አያለሁ፣ ሰዓት፣ ቀበቶ፣ ነጠላ ጫማ። መቶ አሥራ ሁለት ያለው ካርቶን በአዲስ ክር ባዶውን ተንጠልጥሎ ሰነበተ።

ትናንት ሳልፍ ባዶ አልነበረም። የጸደንያ የብር መስቀል ተንጠልጥሎበታል።

ገብቼ ፊቱ ቆምኩ። አልነካሁትም። ሲፈን አየችኝና ወንበር ሳበችልኝ። የመመለሻው ቀን መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ቅዳሜ» አለችኝ።

ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደምትከፍት ጠየቅኳት።